የፋሲካ ሒሳብ በቤተሰብ ውስጥ



ሰው ፊደል ከቆጠረ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ «ይህ ፊደል ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ነው። ደብዳቤ ለማንበብ ይጠቅማል። የገበያ ሒሳብ ለመያዝ ይጠቅማል። ከዚህም የቀረበ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ጥቅም አለው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ብዙ ቤተሰብ በየዓመቱ የሚያልፍበትን የሁዳዴን ጾምና የፋሲካን ሰሞን ነው።

ሁዳዴ ብዙ የሚቆጠር ነገር አለው። ቀኑ ይቆጠራል፤ እህሉ ይቆጠራል፤ ገንዘቡም ይቆጠራል። ከሁሉ በፊት ግን በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው አንድ በአንድ መቆጠር አለበት። ሰው ሲቆጠር ደግሞ ትንሹ ልጅ መዘለል የለበትም። የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገር ይኸ ነው።

እኔ ለማስተማር ዘምቼ ወደ አንበሳሜ የመጣሁት በ22 ዓመቴ ነበር። አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ሐሙሲት ላይ ወደ እስቴ የሚታጠፈው መንገድ ወደ እርሷ ያደርሳል። የአካባቢው ገበሬ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራ፣ ጓያና ኑግ ያመርታል። እኔ ያረፍሁት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በአንድ ገበሬ ቤት ነበር። በቤቱ ውስጥ ባልና ሚስት፣ የባልየው እናትና አራት ልጆች ይኖራሉ። የመጨረሻው ልጅ ገና 15 ወሩ ነበር። የቤቱ እመቤት ማታ ማታ ከማስተምራቸው ሰዎች አንዷ ነበሩ።

ሀ. ቀኑን መቁጠር

የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ አንድ ማታ እመቤቲቱ እጃቸውን አወጡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«መምህር፣ መደመርና መቀነስ አስተማሩን። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባስ በቁጥር ይገኛል ወይ? እኛ ቄሱ ሲናገሩ እየሰማን ነው የምንይዘው።»

እኔ አላውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከባድ ከባድ ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ ይህን ግን አልተማርሁም። ስለዚህ «ነገ እመልሳለሁ» አልሁና በማግሥቱ ወደ ደብሩ መሪጌታ ሄድሁ። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር አስቀምጠው በአንድ ከሰዓት በኋላ አስተማሩኝ። የትምህርቱ ስም ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ቀመሩን ያወጡት የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ናቸው ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ።

1. በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 እንጨምራለን። 5500 + 2018 = 7518። ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል።

2. 7518ን ለ19 እናካፍላለን። 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። የምንፈልገው ትራፊውን ነው።

3. ከትራፊው 1 እንቀንሳለን። 13 − 1 = 12። ይህ ወንበር ይባላል።

4. ወንበሩን በ19 እናባዛለን። 12 × 19 = 228። ከዚህ ላይ 30 30 እያልን እናወጣለን። 7 ጊዜ 30 ሲወጣ (210) 18 ይተርፋል። ይህ መጥቅዕ ይባላል።

5. መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 18 ከ14 ይበልጣል። ስለዚህ መስከረም 18 እንላለን። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 18 ቀኑ እሑድ ነው።

6. እያንዳንዱ ቀን ተውሳክ የሚባል ቁጥር አለው። ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 ነው። የእኛ ቀን እሑድ ስለሆነ 7 እንወስዳለን። 18 + 7 = 25።

7. መጥቅዕ በመስከረም ሲውልና ድምሩ ከ30 ሳይበልጥ ሲቀር፣ የነነዌ ጾም በጥር ይገባል። ድምሩ ከ30 ከበለጠ 30 ተቀንሶ የቀረው በየካቲት ይሆናል። መጥቅዕ በጥቅምት ከዋለም ነነዌ በየካቲት ነው። በ2018 ድምሩ 25 ነው። እንግዲህ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል ማለት ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ነነዌ ከገባ በ14 ቀኑ ሁዳዴ ይገባል። ጥር 25 ላይ 14 ስንጨምር የካቲት 9 ይሆናል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። 14 እና 55 ሲደመር 69 ይሆናል። ሁለት ወር 60 ቀን ስለሆነ፣ ከነነዌ ሁለት ወር ከ9 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ላይ እንደርሳለን። ከጥር 25 ሁለት ወር መጋቢት 25 ነው። በዚያ ላይ 9 ቀን ሲጨመር ሚያዝያ 4 ይሆናል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነው ማለት ነው።

ፋሲካ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27፣ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ውሏል። ይሁን እንጂ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30ም በኋላ አይውልም። የግሪክና የግብፅ ኦርቶዶክሶችም ፋሲካን የሚያከብሩት ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ነው። የምዕራብ አገር ክርስቲያኖች ቀመራቸው ልዩ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀድማሉ፤ አንዳንድ ዓመት ግን ይገጥማል። በ2017 ዓ.ም. ገጥሞ ነበር።

ይህን ሒሳብ በማግሥቱ ማታ በሰሌዳ ላይ ሠራነው። የቤቱ ሽማግሌ ሁሉ ጣቱን እያጠፈ ተከተለ። መልሱ ቄሱ ከተናገሩት ጋር ሲገጥም ክፍሉ በሳቅና በእልልታ ተሞላ። እመቤቲቱ ብቻ አልሳቁም። ደብተራቸው ላይ 55 ብለው ጻፉና ቁጥሩን ትክ ብለው ያዩት ጀመር።

ለ. እህሉን መቁጠር

የሁዳዴ እሑዶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና ይባላሉ። ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ነው። ቅበላው ዘወረደ እሑድ ነው፤ በማግሥቱ ሰኞ ጾሙ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ከማዕድ ይነሣሉ። የሚበላው ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ስልጆ፣ ተልባና ኑግ ነው።

ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጎተራ ማየት ያስፈልጋል። ሰባት ሰው ያለበት ቤት በቀን ግማሽ ኪሎ ሽሮ ያወጣል እንበል። በ55 ቀን 27 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ቀድሞ የቆጠረ ሰው እህሉን በጥጋብ ወር በርካሽ አይሸጥም። ሳይቆጥር የሸጠ ግን በጾሙ እኩሌታ የሸጠውን መልሶ በውድ ይገዛል።

እዚህ ላይ ስለ ጓያ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ ጓያ በቀላሉ ይበቅላል፤ ሽሮውም ይጣፍጣል። ሆኖም ሌላ እህል ሲጠፋ ጓያን ብቻ ለብዙ ሳምንት መብላት እግርን ሽባ ያደርጋል። የታመመው እግርም ተመልሶ አይድንም። በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ስለሆነም ጓያን ከሽምብራ፣ ከባቄላና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ይገባል። ቀድሞ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሐ. ሰውን መቁጠር

ሁዳዴ ገባ። በቤቱ ውስጥ አንዲት የምትታለብ ላም ነበረች። ወተቱ ይረጋል፤ ይናጣል፤ ቅቤው ከፊሉ ለገበያ፣ ከፊሉ ለፋሲካ ይቀመጣል። ትንሹ ልጅ የሚያገኘው የእናቱን ጡትና ከትልልቆቹ ገበታ የሚደርሰውን የሽሮ ፍትፍት ብቻ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ መነጫነጭ አበዛ። ግድግዳ ይዞ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ እሱንም ተወው።

እኔም አንድ ማታ በራት ላይ «ወተት እያለ ይህን ልጅ ትበድሉታላችሁ» አልሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ማንም አልመለሰልኝም። እመቤቲቱም ሁለት ማታ ከትምህርት ቀሩ።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። እነሱ ልጁ መጾም አለበት ብለው የሚያስቡ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን አማትየዋ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ።

«ስማ ልጄ። ሕፃን ጹም ያለው የለም። ድስታችን ስንት ነው? አንድ ነው። በዚያ ወተት ከፈላበት፣ በዚያው የእኛ ወጥ ሊሠራበት ነው። ውኃው ከወንዝ ነው የሚመጣው። ደግሞ እናት ለልጇ ስትሰጥ ሳትቀምስ አትሰጥም። ትኩስ እንደሆነ በምን ታውቃለች? እንግዲህ የእሷ ጾም ምን ሊሆን ነው?»

«ታዲያ እማማ፣ አንቱ ይህን ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቅኸን?»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አስተማሪ ነኝ ብዬ ሳልጠይቅ ነበር የተናገርሁት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከእመቤቲቱ ጋር በሒሳብ አየነው። ልጁ 15 ወሩ ነው። 15 በ30 ሲባዛ 450 ቀን ይሆናል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ይህ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ካሳለፈው ዕድሜ ከስምንት አንዱ እጅ ያህል ነው። እንዲሁም የጾም ጊዜ ሁዳዴ ብቻ አይደለም። ነነዌ 3 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ የነቢያት ጾም ከ40 ቀን በላይ ነው። ረቡዕና ዓርብም አሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር፣ በየጾሙ ወተት የሚቀርበት ሕፃን በሚያድግበት ዕድሜው ብዙ ይቀርበታል። ለትልቅ ሰው 55 ቀን ያልፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳያድግ የቀረ ልጅ ግን ያመለጠውን በኋላ መመለስ ይቸግረዋል።

እመቤቲቱ 55ን ትክ ብለው ያዩት ለካ ይህን ቀድመው አስበውት ነበር።

ባልየው ነገሩን ሰሙና የንስሐ አባታቸውን ለእሑድ ጠሩ። ቄሱ መጡ፤ ተቀመጡ፤ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያም እንዲህ አሉ።

«ጾም ለሚችል ነው። ሕፃን ጾም የለበትም። በሽተኛና አራስም አይገደዱም። ለልጁ ዕቃ ለዩለትና ወተቱን ስጡት። የልጅን ዕቃ ማጠብ ጾም አይሽርም።»

አማትየዋ መስቀላቸውን ተሳልመው «እንግዲህ አለቀ» አሉ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ባልየው አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስትና አንድ ሲኒ ገዝተው መጡ። «ማን ያጥበዋል?» ሲባል «እኔ አጥበዋለሁ» አሉ። ባል ዕቃ ሲያጥብ በመንደሩ አልተለመደም፤ እሳቸው ግን አጠቡ። «ማን ይቀምሳል?» ሲባል የአምስት ዓመቱ ልጅ ተሾመ። እሱም ገና አይጾምም። ሥራውን በታላቅ ትጋት ያዘ፤ እንዲያውም አብዝቶ እየቀመሰ ብዙ ጊዜ ተቆጥቷል።

እመቤቲቱ ከእኔ ጠመኔ ለምነው በድስቷ ሆድ ላይ «የልጅ» ብለው ጻፉ። ከደብተር ውጭ የጻፉት የመጀመሪያ ቃል ይኸ ነው። ድስቷ በታጠበች ቁጥር ጽሑፉ ይጠፋል፤ እሳቸውም እንደገና ይጽፉታል። ሁዳዴ ሲያልቅ ከክፍሉ ሁሉ ጽሕፈታቸው ያማረ እሳቸው ነበሩ። ልጁም ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ግድግዳውን ይዞ ተነሣ።

ከዚህ ታሪክ የሚከተሉትን እንማራለን።

አንደኛ፦ ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናቱ ጡት ሌላ፣ ውኃም ቢሆን፣ አያስፈልገውም። ከ6 ወሩ ጀምሮ ግን ጡት ብቻ አይበቃውም። ጡቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እየጠባ ሌላ ምግብ መጨመር አለበት።

ሁለተኛ፦ የልጅ ገንፎ ከአንድ እህል ብቻ ባይሠራ ጥሩ ነው። ከእህሉ ጋር ሽምብራ ወይም ባቄላ ተፈጭቶ ይጨመርበት። ዘይት ጠብ ይደረግበት። ወተት ወይም እንቁላል ሲገኝ ለልጁ ይቅደም። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አቅም አይሰጥም።

ሦስተኛ፦ የልጅ ዕቃ የተለየ ይሁን። ይህ ለጾም ብቻ ሳይሆን ለንጽሕናም ይረዳል።

አራተኛ፦ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ዝም ብላ አትጎዳ። የንስሐ አባቷን ታማክር። በጤና ኬላ ያለችውን የጤና ባለሙያም ትጠይቅ። ብዙ እናቶች የሚጎዱት ሰው ከልክሏቸው ሳይሆን ለመጠየቅ አፍረው ነው።

መ. የሕማማት ሳምንት

ሆሳዕና ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን ዘንባባ ይሰጣል። ልጆች ቀለበት እየሠሩ በጣታቸው ያደርጉታል፤ በግንባራቸውም ያስሩታል። ከሰኞ ጀምሮ ሕማማት ነው። በዚህ ሳምንት ሰው ተሳስሞ ሰላምታ አይሰጣጥም። ስግደቱ ይበዛል። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል፤ ለጎረቤትም ይታደላል። ዓርብ ስቅለት ነው። ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ይውላል፤ ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ትከሻውን ጠብ ጠብ እያደረጉ ተጨማሪ ስግደት ያዝዙታል። ከዚያ እስከ ፋሲካ ሌሊት እህል ሳይቀምስ የሚያከፍል ሰው ብዙ ነው። ቅዳሜ ቄጤማ ይታደላል። ይህም ርግብ ለኖኅ የውኃውን መጉደል ያበሠረችበትን ለምለም ቅጠል ያስታውሳል።

ሕማማት የእርቅ ጊዜም ነው። የእኔ ባለቤት ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በእርሻ ድንበር ተቀያይመው ዓመት አልፏቸው ነበር። የንስሐ አባታቸው «ተቀያይማችሁ ፋሲካን እንዴት ትውላላችሁ?» ብለው ሽማግሌ ላኩ። ረቡዕ ማታ ይቅር ተባባሉ። ሳምንቱ ሕማማት ስለሆነ አልተሳሳሙም፤ ራስ ዝቅ አድርገው ብቻ ተለያዩ። መሳሳሙን ለእሑድ አቆዩት።

ሠ. ገንዘቡንና ድካሙን መቁጠር

የፋሲካ ወጪ ቀላል አይደለም። በግ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅመም፣ የጠላ እህልና ጌሾ፣ የልጆች ልብስ ያስፈልጋል። ለወላጆችና ለክርስትና አባት የሚወሰደው አክፋይም አለ። ሰው እንዳያፍር ብሎ ይበደራል። ብድሩ አራጣ ከሆነ ምን እንደሚመስል እንይ።

አንድ ገበሬ በሚያዝያ መጨረሻ 6,000 ብር ተበደረ እንበል። አራጣው በወር ከመቶ 10 ነው። በወር 600 ብር ይሆናል። አዲስ እህል ወቅቶ ሸጦ የሚከፍለው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ይህም 8 ወር ነው። 600 × 8 = 4,800 ብር። በጠቅላላው 10,800 ብር ይከፍላል። የአንድ ቀን በግ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱን ይበላል ማለት ነው።

ከዚህ የተሻለው ቅርጫ ነው። አንድ በሬ 60,000 ብር ቢሆንና 12 ቤት ቢካፈለው፣ ለየቤቱ 5,000 ብር ይደርሳል። 24 ቤት ቢካፈለው 2,500 ብር ብቻ ይሆናል። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ በየወሩ 250 ብር የሚያስቀምጥ ሰው በዓመቱ 3,000 ብር ይኖረዋል። የቅርጫውን ከፍሎ ለዶሮም መነሻ ይተርፈዋል። ሥጋው በመደብ በመደብ እኩል ይመደባል፤ ዕጣ ይጣላል፤ ማንም በማንም ላይ አያጉረመርምም። የእኔ ባለቤት ለብድር ሊሄዱ ያሰቡትን ትተው ወደ ቅርጫ ገቡ። የቅርጫውንም ስም ዝርዝር እመቤቲቱ ጻፉ። ከስሞቹ አንዱ ይቅር የተባባሉት ወንድም ነበር።

ነገር ግን በማንም ደብተር የማይጻፍ ሌላ ወጪ አለ። ይኸውም የእናት ድካም ነው። ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማብቀል፣ አሻሮ መቁላት፣ ጠላ መጥመቅ፣ ዳቦ መድፋት፣ ሽንኩርት መክተፍ የእሷ ሥራ ነው። ዶሮውን በ12 ብልት አውጥታ፣ ደጋግማ አጥባ የምትሠራውም እሷ ናት። ይህን ሁሉ የምታደርገው ከስቅለት ጀምራ አክፍላ፣ ባዶ ሆዷን ነው። ወንዶችና ወጣቶች እንጨት ቢፈልጡ፣ ውኃ ቢቀዱ፣ ልጅ ቢይዙ በዓሉ ለእሷም በዓል ይሆናል። ሴት ልጅ ብቻዋን እናቷን ስትረዳ ወንድሟ ሜዳ መዋሉ ሒሳቡ ልክ አይደለም።

ረ. ጾሙ ሲፈታ

የፋሲካ ሌሊት ሁላችንም ነጭ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጧፍ ሲበራ ግቢው ሁሉ ብርሃን ሆነ። ቅዳሴው አልቆ ወደ ቤት ስንመለስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በመንገድ ላይ ተሳሳሙ።

በቤት ውስጥ መጀመሪያ የቀረበው ሥጋ አልነበረም። አማትየዋ ለሁላችን የተልባ ውኃ ሰጡን። «ሆድ 55 ቀን ቆይቷል፤ በድንገት አይመታም» አሉ። ይህ ልማድ መልካም ነው። ጾም ሲፈታ በትንሽ በትንሹ መጀመር ይገባል። የቅርጫውንም ሥጋ በጥሬው ከመብላት አብስሎ መብላት ይሻላል፤ ኮሶ የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነውና።

በማግሥቱ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራራ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸውም ዶሮ ከነሕይወቷ ላኩላቸው፤ እነሱ በራሳቸው ሥርዓት እንዲያርዷት ነው። ከዚህ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። የሳምንቱ ቀናት ሁሉ ስም አላቸው፤ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም ሐሙስ፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት ይባላሉ። እሑድ ዳግም ትንሣኤ ነው።

የሰኞ ዕለት አማትየዋ ዕቃ ሲያስተካክሉ ትንሿን ድስት አነሡና «እንግዲህ ጾሙ ተፈታ። ይቺን ለቡና ማቅረቢያ እናድርጋት?» ብለው ጠየቁ።

እመቤቲቱ ከእጃቸው ተቀበሏቸው።

«ተይ እማዬ፤ ፍልሰታ አለ። የነቢያት ጾምም አለ። ትቀመጥ» አሉና በጠመኔ «የልጅ» ብለው ጽፈው ከመደርደሪያው ላይ መለሷት።

መልመጃ

1. ሁዳዴ ስንት ቀን ነው? ከነነዌ እስከ ፋሲካ ስንት ቀን አለ?

2. የ2019 ዓ.ም. መጥቅዕ 7 ነው፤ ጥቅምት 7 ደግሞ ቅዳሜ ነው። ነነዌ፣ ሁዳዴና ፋሲካ መቼ እንደሚውሉ አስሉ። (መልስ፦ ነነዌ የካቲት 15፣ ሁዳዴ የካቲት 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24።)

3. በእናንተ ቤት በቀን ስንት ሽሮ ይወጣል? ለ55 ቀን ስንት ያስፈልጋል?

4. አማትየዋ ለሕፃኑ ወተት ያልተሰጠበትን ምክንያት ምን ብለው አስረዱ? አስተማሪውስ የተሳሳተው በምን ነበር?

5. በቤታችሁ ያሉትን ሰዎች ስም ከትንሹ ልጅ ጀምራችሁ ጻፉ። በየስሙ አጠገብ «የሚጾም» ወይም «የማይጾም» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ለማይጾመው ምን እንደተዘጋጀ በቤተሰብ ተወያዩ።